ለአሥራ ሦስት የማይከፈለው በሬ

ሰባ ስምንትን እየሰባበሩት ነበር። የልጅ ልጄ ማህሌትና የክፍል ጓደኛዋ ሰላም ከሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው፣ ቁጥሩን ከላይ ጽፈው፣ ከሥሩ ሁለት ቅርንጫፍ አውጥተው፣ በአንዱ ጫፍ ሁለትን፣ በሌላው ሠላሳ ዘጠኝን አንጠልጥለው፣ ሠላሳ ዘጠኝን ደግሞ ወደ ሦስትና ወደ አሥራ ሦስት አውርደው፣ ከዚያ ወዲያ አልሰበርም ያሉትን ቁጥሮች በቀይ እስክሪብቶ ይከቡ ነበር። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ (የደብረ ብርሃን ብርድ ለፋሲካም አይራራም) ለበዓሉ ዶሮ የሚሆን ሽንኩርት እልጣለሁ። ዓይኔ ያለቅሳል፣ ጆሮዬ ልጆቹን ይሰማል፤ በዚህ ዕድሜዬ ከዚህ የበለጠ ምን ደስታ አለ?

ይህን ጊዜ ስልኬ ጮኸች። የብሎካችን የቅርጫ ግሩፕ ነው። አሁን እኮ ቅርጫም በቴሌግራም ሆኗል፤ በሬው ሳይቀር በፎቶ ነው የሚመረጠው፣ ዘመን እንደሁ የማያሳየን ነገር የለም። ድምፁን ከፈትኩት። ሰብሳቢያችን አቶ ብርሃኑ በዚያ ማር በሚያንጠባጥብ አነጋገሩ፣ «እንደምን ዋላችሁ ጎረቤቶች፣ ያቺ አዲስ የገባችው እህታችን ቅርጫ ልግባ ብላ ጠይቃን ነበር። እንግዲህ አሥራ ሁለት ሞልተናል፣ በሬው ደግሞ ለአሥራ ሦስት ለመክፈል አይመችም። ለሌላ ጊዜ ያድርሰን» አለ።

አዲስ የገባችው እህታችን የሰላም እናት ናት፤ ከእኛ በላይ ያለውን ቤት ከተከራየች ገና ጥቂት ወር ቢሆናት ነው። ልጅቷ ከደብተሯ ቀና ብላ ስልኬን አየችው፣ ከዚያ በቀይ የከበበችውን አሥራ ሦስት አየች፣ አንገቷን መልሳ ደፋች። እኔ ግን ክው አልኩ። ቢላዋው ከእጄ ወርዶ ወለሉ ላይ ተንቃጨለ። «አያቴ፣ ቆረጠሽ እንዴ?» አለች ማህሌት። የቆረጠኝስ ቢላዋው አልነበረም። ያን ነገር ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሳለሁ አንኮበር፣ ጎረቤላ ላይ ከእናቴ አፍ ሰምቼዋለሁ። ሽንኩርቱ መሽተቱን ተወና ባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ የተደረደረ ትኩስ ሥጋና እርጥብ የሸክላ አፈር ባንድ ላይ አፍንጫዬን ሞሉት።

ቤታችን ከጎረቤላ ገበያ ወጣ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ጠዋት በሩን ስንከፍት ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ሽቅብ ይመጣና ሳይጠየቅ ሰተት ብሎ ይገባል፤ እናቴ «ግባ እንግዲህ፣ እግዜር ያመጣው እንግዳ» ትለዋለች፣ እኔ በሳቅ እንከተከታለሁ። ከጉሙ በቀር ቤታችን ደፍሮ የሚገባ እንግዳ እንዳልነበረን ያኔ ልብ አላልኩም። አባቴን አላውቀውም፣ እኔ ሳልድህ ነው የሞተው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። አፈሩን ከገደሉ ሥር ቆፍራ በጀርባዋ ታመጣለች፣ ትወቅጠዋለች፣ ትነፋዋለች፣ የተሰበረ ገል ፈጭታ ትቀላቅልበታለች («አሮጌው ካልገባበት አዲሱ እሳት አይችልም» ትል ነበር)፣ ከዚያ ጭቃውን መሬት ላይ አስቀምጣ ጎንበስ ብላ ዙሪያውን ወደ ኋላ እየሄደች በእጇ ታወጣዋለች፤ ከቆይታ በኋላ ካጠገቧ እንስራ ቆሞ ታያላችሁ። ማድጋው ሲደርቅ በለሰለሰች ድንጋይ የማሸት ሥራ የኔ ነበር፣ ፊቴን እስካይበት ድረስ አሸዋለሁ። የገበያ ቀን ሸክላዋ በሽሚያ ነው የሚያልቀው። የእናቴን ድስት ያልጣደ፣ የእናቴን ምጣድ ያላሟሸ ቤት በአካባቢው አልነበረም። ቤታችን ግን ማንም ቁራሽ አይቀምስም። ለምን ስላት፣ «ጭሱ ነዋ፣ ማን ዓይኑን ሊያጠፋ ይመጣል» ትለኛለች፤ እውነትም ሸክላ በሚተኮስበት ቀን ጭሳችን ለጉድ ነበር፣ አመንኳት።

የልጅነቴ ትልቁ ምኞት ልብስ አልነበረም፣ ጫማም አልነበረም፤ ቅርጫ ነበር። በሰፈራችን አሥራ ሁለት አባወራ ለፋሲካ በሬ ገዝቶ ይካፈላል። ጎህ ሲቀድ በሬው ይታረዳል፣ ሜዳው ላይ ቅጠል ይነጠፋል፣ ጋሽ ደጀኔ የሚባሉት የቅርጫው አለቃ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ያዝዛሉ። በሬው መጀመሪያ ግራና ቀኝ ተብሎ ለሁለት ይወጣል፤ ግራውም ቀኙም ፊትና ኋላ ተብሎ እንደገና ለሁለት፤ ከዚያ እያንዳንዱ ለሦስት ይመደባል። እንዲህ እንዲህ ተብሎ አሥራ ሁለት መደብ ቅጠሉ ላይ ይደረደራል። ከዚህኛው ቆንጠር፣ ወደዚያኛው ጨመር፣ «የዚህ ጉበት አነሰ»፣ «የዚያ ሻኛ በዛ»፣ ጭቅጭቁ ራሱ በዓል ነበር። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ አባወራ የራሱን ምልክት ይሰጣል፣ አንዱ የተላጠ እንጨት፣ አንዱ የኮት ቁልፍ፣ አንዱ የበቆሎ ፍሬ፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ የቆመ ሰው ምልክቶቹን ተቀብሎ መደቦቹ ላይ ይጥላል። ዕጣ ነው፣ ማንም አያማርርም። እኔ የድንጋይ ካቡ ላይ ተንጠልጥዬ አያለሁ። ኪሴ ውስጥ የራሴ ምልክት ነበረኝ፤ ከተሰበረ ጀበና ያገኘሁት ጥቁር ገል ነው፣ ጠርዙን በድንጋይ አሽቼ አሽቼ አለስልሼዋለሁ። አንድ ቀን የኛ ቤት መደብ ላይ ይጣላል ብዬ ነው።

እናቴን፣ «እኛ ለምን ቅርጫ አንገባም?» ብዬ የጠየቅኳት አንድ ፋሲካ ማግስት ነው። የጀበና አንገት እያወጣች ነበር፣ ቀና አላለችም። «አሥራ ሁለት ናቸው» አለችኝ፣ «እኛ ብንገባ አሥራ ሦስት ይሆናሉ። በሬ ደግሞ ለአሥራ ሦስት አይከፈልም።» አበቃ። እኔ ይህን ይዤ ኖርኩ። ከዚያ በፊት፣ ካቡ ላይ ስወጣ ሰዎቹ ለምን ቅጠል ቆርጠው ሥጋው ላይ ጣል ጣል እንደሚያደርጉ ስጠይቃት፣ «ለዝንቡ ነው» ብላኝ ነበር። በዚያ ጠዋት፣ በአንኮበር ብርድ፣ ዝንብ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ጭንቅላት ያኔ አልነበረኝም።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ መምህር ጌታነህ የሚባል ወጣት አስተማሪ መጣልን። አገሩ ሩቅ ነበር፣ ሲናገር ይፈጥናል፣ ሲጽፍ ጠመኔው ይሰበርበታል። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሙሉ ቁጥሮችን ደርድሮ፣ «ቁጥር ሁሉ ይሰበራል» አለን። «ስትሰብሩት ስትሰብሩት ግን አልሰበርም የሚል ላይ ትደርሳላችሁ። እሱ ብቸኛ ቁጥር ይባላል፤ ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። ደግሞ በየትኛውም መንገድ ጀምሩ፣ መጨረሻ የምታገኟቸው ያው ናቸው።» ከዚያ አሥራ ሁለትን በሁለት መንገድ ሰበረልን። አንዴ በሁለትና በስድስት ጀመረ፣ አንዴ በሦስትና በአራት። ሁለቱም ጊዜ የደረሰው ሁለት፣ ሁለትና ሦስት ላይ ነው። እኔ ከመቀመጫዬ ልነሳ ምንም አልቀረኝ! ይኼ እኮ የጋሽ ደጀኔ በሬ ነው። ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ፣ ከዚያ ለሦስት! ቀጥሎ አሥራ ሦስትን ጻፈ። በሁለት ሞከረ፣ በሦስት ሞከረ፣ በአምስት ሞከረ፣ «እምቢ አለ» አለና ከበበው።

በስመአብ! በሕይወቴ የመጀመሪያው ድንጋጤዬ ያ ነው፣ ግን የደስታ ድንጋጤ። እናቴ ፊደል የማትለይ ሴት ናት፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ግን የእናቴ ቃል ነው። ለካ እውነቷን ነው! ቅርጫ ያልገባነው ማንም ስለጠላን አይደለም፣ ቁጥሩ ነው እምቢ ያለው። ቁጥር ከሆነ ደግሞ መላ አለው። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገዱን ሁሉ ስሰብር ነው የሄድኩት፤ አሥራ አራት፣ ሁለት ጊዜ ሰባት፤ አሥራ አምስት፣ ሦስት ጊዜ አምስት፤ አሥራ ስድስት ላይ ስደርስ ዘለልኩ። ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት! ለሁለት መክፈል ደግሞ እነ ጋሽ ደጀኔ ተክነውበታል። እናቴ ስትገባ አሥራ ሦስት ነን፣ ሦስት ሰው ባመጣ ያልቃል ነገሩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ጋሽ ሰይድ ጋ ነው። ጋሽ ሰይድ ከአልዩ አምባ በርበሬና ብርቱካን በአህያ የሚያመጣ ነጋዴ ነበር፤ እናቴ ጋ ቁጭ ብሎ ውኃ የሚጠጣ ሰው እሱ ብቻ ነው፣ ጭሳችንን የማይፈራ። ነገሩን በጠጠር አስረዳሁት፣ «ቅርጫ ግባና አሥራ ስድስት እንሁን» አልኩት። ሰውየው ሳቀ፣ ሳቀ፣ ጥምጣሙ እስኪላላ ድረስ ሳቀ። «የኔ ልጅ፣ እኔ የናንተን ሥጋ አልበላ፣ እናንተ የኔን አትበሉ! ሃይማኖቴን በቁጥር ልታስለውጪኝ ነው?» አለኝ። ይህን ሳላስብ መቅረቴ! ጎረቤላ ተወልዶ ሙስሊም ጎረቤቱን የፋሲካ ቅርጫ የሚጠራ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። በኋላ ግን ሳቁ ቆመና ትክ ብሎ አየኝ፤ «ግን ማን ነው የቁጥር ነገር ነው ያለሽ?» አለኝ። «እማዬ» አልኩት። «ያ አላህ» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሁለት ብርቱካን እጄ ላይ አስቀመጠልኝና አህያውን መጫን ጀመረ። ለምን እንደዚያ እንዳለ አልገባኝም፣ ብርቱካኑን እየላጥኩ ሄድኩ።

ሌሎቹ አላስቸገሩኝም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር፣ «ሥጋ ከሆነማ ምን ገዶኝ» አለ። ጠላ የሚሸጡት እማማ ዘነቡ መበለት በመሆናቸው ማንም ጠርቷቸው አያውቅም ነበር፣ ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ግንባሬን ሳሙኝ፣ ከዚያ ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ። ይህንንም ያኔ አላስተዋልኩትም። ሦስተኛው ራሱ መምህር ጌታነህ ነው፤ ትምህርቱ ሰሌዳውን አልፎ ሜዳ ሲወርድ በማየቱ ደስታውን አልቻለውም፣ «እኔም አብሬሽ እመጣለሁ» አለኝ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ምልክቷ መደቡ ላይ ሲጣል ድንገት ጠርቼ ላስደንግጣት ነበር ሐሳቤ።

የሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሰዎቹ ወይራው ሥር ተሰብስበዋል፣ ጣታቸው ላይ የዘንባባ ቀለበት አስረዋል፣ ስለ በሬው ዋጋ ያወራሉ። መሐላቸው ገባሁ። ተንበርክኬ ጠጠሮቼን መሬት ላይ ዘረገፍኩ። ለሁለት ከፈልኳቸው፣ እያንዳንዱን ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት። አሥራ አምስቱ ጠጠር ነው፣ አሥራ ስድስተኛው የኔ ገል። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው ያዩኛል፤ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብሎ አንዱ ሲተርት ሌላው «ተው፣ ይህቺስ አቡክታ ጋግራለች» አለው፣ ተሳሳቁ። ጋሽ ደጀኔም ሳቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክረምት ጣራችን ሲያፈስ ሣር አስጭነው የላኩልን እሳቸው ናቸው። እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝም ይኸው ነው። «ጎበዝ፣ ሦስቱ እንግዶች ይግቡ፣ ደስ ይለናል» አሉ። ከዚያ ገሉን አዩት። «ይኼስ የማን ነው?»

«የእናቴ ነው» አልኩ። «እስካሁን ያልገባችው በቁጥሩ ምክንያት ነው እኮ፣ አሁን ተስተካከለ።»

ሳቁ እንደ ተቆረጠ ገመድ ወደቀ። ጋሽ ደጀኔ ጎንበስ አሉና፣ «ማን ነው በቁጥሩ ነው ያለሽ ልጄ?» አሉኝ፣ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፣ የእውነት ገርሟቸው ነው። «እናቴ» አልኩ። ማንም ማንንም አላየም። ከጀርባ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ግን መታገሥ አቃታቸው፤ «ኧረ ተዉ ልጅቷን አታታልሉ! የሸክላ ሠሪ ዓይን ትኩስ ሥጋ ላይ አያርፍም፣ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። በዓል ነው፣ ልጆቻችንን ቡዳ ይብላብን?» አሉ።

ቡዳ። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ልጅ ሲያመው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እናቴ ግን? እኔ? ጋሽ ደጀኔ የዱላቸውን ጫፍ ዘርግተው፣ በእጃቸው እንኳ ሳይነኩት፣ ገሉን ከጠጠሮቹ መሐል ቀስ ብለው ወደ ጎን ገፉት። ከዚያ ወደ መምህር ጌታነህ ዞረው፣ «እንዲህ ሲሆን አሥራ አምስት ነው። አይከፈልም እንዴ መምህር?» አሉት። መምህሬን አየሁት። ፊቱ ሲቀላ አየሁ። አንድ ነገር የሚል መስሎኝ ነበር። «ይከፈላል» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ሦስት ጊዜ አምስት።»

ገሌን አንሥቼ እግሬ አውጪኝ አልኩ። እየሮጥኩ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ተሰባበረ፤ ዝንቡ ዝንብ አልነበረም፣ ጭሱም ጭስ አልነበረም፣ የእማማ ዘነቡ ከንፈር መጥረግ፣ የጋሽ ሰይድ «ያ አላህ»፣ በየትኛውም መንገድ ብጀምረው የምደርሰው ያው ነበር። ካብ ላይ ተንጠልጥዬ ሥጋ ሳይ የኖርኩባቸው ፋሲካዎች ሁሉ ትዝ አሉኝና አፈርኩ፤ እነሱ ሲሸፍኑ የነበረው ከኔ ነው፣ ከኔ ዓይን! ቤት ስደርስ እናቴ ድስት እያሸች ነበር። «በቁጥሩ አይደለም» አልኳት። ሌላ ምንም አላልኩም።

እጇ ቆመ። ጭቃው እንደተለጠፈበት ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አላለቀሰችም፣ እኔ ነኝ ስለሷም ጭምር ያለቀስኩት። «ትንሽ ከፍ እስክትዪ በቁጥር ላቆይሽ ብዬ ነበር» አለች። «ቁጥሩን ትምህርት ቤት ቶሎ ይደርሱበታል ብዬ አልጠረጠርኩም።» ሰሌዳው ላይ ያየሁትን ነገርኳት፤ በሁለት፣ በሦስት፣ በአምስት ሞክሮት እምቢ እንዳለው፣ መምህሩም እንደከበበው። እናቴ ደነገጠች፤ ዓይኗ ፈጠጠ። «ወይ ጉድ! እውነት አይከፈልም እንዴ?» አለችኝ። «እኔ እኮ ያፌን ነው ያልኩት!» ተያየን፣ ከዚያ ምን እንደነካን አላውቅም፣ ሁለታችንም ሳቅን፣ ጭቃ በጭቃ ሆነን ተቃቅፈን ሳቅን፣ ሳቁ መቼ ወደ ለቅሶ እንደዞረ አላስታውስም።

የዚያን ዓመት በሬው ለአሥራ አምስት ተከፈለ፣ አምስት አምስት መደብ በሦስት ረድፍ። አልሄድኩም፤ የክፍል ጓደኞቼ ናቸው ያወሩኝ፣ ሲያወሩም «መምህር ያስተማረን ነው እኮ» እያሉ ነው። መምህር ጌታነህም ድርሻውን ወሰደ፣ ምን ያድርግ፣ ብቻውን የመጣ የሰው አገር ሰው ነው። ከበዓል ስንመለስ ስለ ትልቁ የጋራ አካፋይ አስተማረን፣ ወደ እኔ ወንበር ግን ሳያይ ነው ዓመቱን የጨረሰው። በፋሲካው ጠዋት የኛን በር የቆረቆረ ጋሽ ሰይድ ነው፣ አንድ ኩንታል የሚያክል ብርቱካን በአህያ ጭኖ። «እንኳን አደረሳችሁ፣ ሥጋ እንደሁ አላመጣም፣ የኔና የናንተ ቅርጫ ይኼ ነው» አለ፣ እናቴ እንቁላል ጠበሰችለት፣ በላ። የብርቱካን ልጣጭ ሽታ እስከ ዳግም ትንሣኤ ከቤታችን አልወጣም።

ሽንኩርቱን ትቼ ተነሣሁ፣ ስልኬን ይዤ በረንዳ ወጣሁ። ለአሥራ ሦስት አይመችም? ማንን ነው የሚያሞኙት! ዛሬ ሥጋ የሚከፈለው በሚዛን ነው፣ ቁልፍ ሲነካ ግራሙን ይናገራል፣ ለአሥራ ሰባትም ለሃያ ሦስትም ይመዝናል፣ ዕጣውም ቀርቶ በፌስታል ነው የምንቀበለው። ደግሞ ባለፈው ሳምንት የአቶ ብርሃኑ ባለቤት ደረጃው ላይ ይዛኝ፣ «ያቺ ሴትዮ ገበያ ሸክላ ነው አሉ የምትሸጠው፣ እነዚያ ናቸው መሰለኝ» ብላኝ ነበር፤ በዚህ ዘመን፣ በዚህ ፎቅ ላይ! እኔ «እንዴ፣ እንግዲህ» ብዬ አልፌያት ነበር። ፋብሪካ ብርድ ልብስ ስሠራ አርጅቼ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ ልጅ ድሬ፣ ማንም የማን ልጅ ነሽ ሳይለኝ እዚህ ደርሻለሁ። ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ። «እንደምን ዋላችሁ። ቦታ ከሞላ ችግር የለም፣ የኔን ቦታ ለሷ ስጡልኝ፣ አሥራ ሁለት ትሆናላችሁ፣ ቁጥሩም ይመቻል። ሌላው ደግሞ፣ እኔም የጎረቤላ ሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። ስንት ፋሲካ ሥጋችሁን ሳይ ኖሬያለሁ፣ እስቲ ማን ታመመ?» አልኩና ለቀቅኩት።

መልእክቱ ሄደ። አንድ በአንድ ሰሙት፣ ያስታውቃል። አቶ ብርሃኑ ሊጽፍ ጀመረ፣ ተወ። እንደገና ጀመረ፣ ተወ። ከዚያ ዝምታ፣ የወይራው ሥር ዝምታ፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ። እናቴ ብትኖር ምን ትለኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ። እናቴ የለችም፤ ከሠራችው ሸክላ አንዲት ድስት እንኳ አልተረፈኝም፣ ያ ገልም ቤት ስንለዋውጥ የት እንደገባ አላውቅም። ጋሽ ሰይድም የለም። የኔ ሐዘን ግን የዚህ ብቻ አይደለም። ዓለሙን ሁሉ ከኔ ፊት ቆሞ በቅጠል የሚሸፍንልኝ ሰው ነበረኝ፣ ዝንብ ነው፣ ጭስ ነው፣ ቁጥር ነው የሚለኝ፤ ያ ሰው አንዴ ከሄደ የትም ገበያ አይገኝም።

ስመለስ ሰላም ደብተሯን አጥፋ ቆማ ትጠብቀኛለች። ማህሌት ጓዳ ገብታ ነበር። ልጅቷ እስክሪብቶውን በጣቶቿ እያሽከረከረች፣ «እማማ፣ እውነት ግን ለአሥራ ሦስት አይከፈልም?» አለችኝ። የእናቷ ዓይን ነበር ያላት፣ ትልልቅ፣ ሰው የሚያምን። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ አሁን ገና ለአሥራ አንድ ጎረቤት የተናገርኩት እውነት። ለራሴ እየገረመኝ፣ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አዎ የኔ ልጅ» አልኳት፣ «አይከፈልም። በሁለትም በሦስትም ሞክረውት እምቢ ብሏቸው ነው።»

ፊቷ ፈካ። እፎይ ስትል ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። ከዚያ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ አለችና ደብተሯን መልሳ ገለጠች።

«አሥራ አራትስ?» አለችኝ።